የአያ ቢሻው ማግኔት

ከሚስቱ ይልቅ ማግኔቱን የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። የቡሬው ሾፌር አያ ቢሻው በሚኒባሳቸው የዘይት መልቀቂያ ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አስገጥመዋል። ከሞተሩ የሚረግፈውን የብረት ብናኝ እየለቀመ ይይዝላቸዋል። ዘይት በቀየሩ ቁጥር ብናኙን በጣታቸው አሽተው ይመረምሩታል። ሐኪም እንኳ ይህን ያህል አይጠነቀቅም!

ባለፈው ጥር ሙሽራ ጓደኛችንን፣ ሽማግሌዎቹንና እኛን ሚዜዎቹን ጭነው ሙሽራዪቱን ልናመጣ ወደ ደምበጫ ስንሄድ፣ ማንኩሳ ላይ ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር። አያ ቢሻው ወዲያው ቆሙ፤ ቡሎኑን ፈትተው ዘይቱን በባልዲ አፈሰሱ። ማግኔቱ ላይ እንደ መርፌ የሾለ የብረት ስባሪ ተለጥፏል።

«በቃ፣ ይህ ሞተር ከዚህ በኋላ አይነሣም» አሉ።

«አያ፣ ሙሽራዪቱ እኮ እየጠበቀች ነው!» አልኋቸው።

«እሷ ትጠብቃለች። ሞተሩ ግን አይጠብቅም።»

ሽማግሌዎቹ ለመኗቸው፣ እኛ ሚዜዎቹ ተቆጣን፣ ሙሽራው ሊያለቅስ ደረሰ። እሳቸው ግን ቡሎናቸውን ጨብጠው መንገድ ዳር ቁጭ አሉ። ምን እናድርግ? በቆሎ የጫነ አይሱዙ ለምነን፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ደምበጫ ገባን።

ሙሽራዪቱ አቧራ የለበሰ ባሏን አይታ ምክንያቱን ጠየቀች። ነገርናት። ሳቀችና፣

«ሰውየው ለሞተር እንዲህ ከሳሱ፣ አንተ ለእኔ ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

በማግስቱ መካኒኩ ሞተሩን ሲከፍተው፣ ትንሽ ብንገፋ ኖሮ ሊፈነዳ እንደነበር አረጋገጠ። የአያ ቢሻው ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ። ሙሽራው ግን መልሱን እስከ ዛሬ እያሰበ ነው።