ስድስተኛው ቦርሳ

አምስት ሰው ለሽርሽር ከወጣ አንዱ ዕቃ ጠባቂ ነው። ማንም አይሾመውም፤ ዕጣም አይወጣም። ሌላው ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው ሲሮጥ እሱ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንዱን አዛምዶ፣ ቦርሳዎቹን እግሩ ሥር ሰብስቦ፣ "እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ነኝ" ይላል። ሰው ሁሉ ይሄዳል። ሲመለሱም "እንዴት ዋልክ?" የሚለው የለም። "የውሃው ኮዳ የታል?" ነው የሚሉት።

በዚህ ቤት ሹመቱ የእቴቴ ነበር። እቴቴ የባልየው እናት፣ የምራቲቱ አማት፣ የስድስት ዓመቷ ልጅ አያት ናቸው። ልጃቸው ሊያበሽቃቸው ሲፈልግ "ክብርት የዕቃ ጥበቃ ሚኒስትር" ይላቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ሳይሉ፣ "ሚኒስትርማ ብሆን መኪና ይሰጠኝ ነበር" ይሉታል።

የሥራ ልምዳቸው ረጅም ነው። ሠርግ ቤት ሌላው ሲጨፍር የአሥራ አንድ ሴት የእጅ ቦርሳ ጭናቸው ላይ ተቆልሎ ከላይ አገጫቸው ብቻ ይታያል። ምራታቸው የወለደች ቀን በዚያ ክፍል የነበሩትን የስድስት ወላዶች ዕቃ ጠቅልለው ተረከቡ። ነርሷ መጥታ "የልጅ ልጅ አገኙ" ስትላቸው፣ "እሰይ! ቆይ፣ ይቺን የሰው ዕቃ ላስረክብና እመጣለሁ" ብለዋል። በቤቱ አልበም ውስጥ እሳቸውን መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፎቶ ሲነሱ የሰዉን ኮትና ጃንጥላ የሚይዙት እሳቸው ናቸውና አንዱ ላይ ክርናቸው፣ ሌላው ላይ ጥላቸው ብቻ ወጥቷል።

ጥበቃቸው ሥርዓት አለው። በየሩብ ሰዓቱ ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው መንገዱን ያያሉ። ምራቲቱ በሰባት ዓመት ትዳሯ ይህንን መቶ ጊዜ አይታለች። ሌባ የሚጠባበቁ ይመስላት ነበር።

እሷ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። ማሽኑ ሲጨናነቅ ጎኑን በጥፊ ብላ፣ የተጨማደደውን ወረቀት መዝዛ፣ ወረፋ የያዘውን ሰው "ቀጥል" የምትል ሴት ናት። ነገር ሲነገራት "እንዴት ይሆናል?" ሳይሆን "በስንት ሰዓት?" ብላ ትጠይቃለች። አማቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰደችውም እሷ ናት። ሐኪሙ በትንሽ መብራት የአሮጊቷን ዓይኖች ግራና ቀኝ አየና ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

"የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ነው።"

"መጠበቁንስ ለእኔ ተውት" አሉ እቴቴ።

ሐኪሙ ሳቀ። ምራቲቱ አልሳቀችም። እቴቴ ድሮ ለትንሹም ለትልቁም "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብለው ነበር የሚምሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ሲምሉ የሰማቸው የለም።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ሥዕሉ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ወንዝ ነው፤ አረንጓዴ ውሃ፣ በሁለት ገደል መካከል አንዲት ጀልባ፣ ከፊቷ ተራራው ሥር የተከፈተ የዋሻ አፍ። ምራቲቱ እዚያ ሦስት ጊዜ ሄዳለች፤ አንዴ ሳታገባ፣ አንዴ እርጉዝ ሆና፣ አንዴ አምና። ሦስቱንም ጊዜ እቴቴ አብረው ነበሩ። ሦስቱንም ጊዜ ወንዝ ዳር አግዳሚ ላይ ቀርተዋል። አሁን ያንን ሥዕል ባየችው ቁጥር ያ አግዳሚ ትዝ ይላታል። የቀረው ብርሃን ሳያልቅ ይህችን ዋሻ አንዴ ማየት አለባቸው አለች ለራሷ። ከዚያ ጠየቀች፦ በስንት ሰዓት?

እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዱ፤ አራት ሰውና ስድስት ቦርሳ። ወንዙ ዳር እንደደረሱ እቴቴ አግዳሚያቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። በእጃቸው መፈለጋቸውን ምራቲቱ አየች፤ ልብ ግን አላለችውም። ጎን ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት አበባ ያለው ጃንጥላ ዘርግታ፣ አምስት ጥንድ ጫማ ፊቷ ደርድራ ተቀምጣለች። ሁለቱ ባልደረቦች በአንገት ሰላምታ ተሰጣጡ።

"በሉ እናንተ ሂዱ" አሉ እቴቴ። "እኔ እዚሁ…"

"ዛሬ ዕቃው በሙሉ ይሳፈራል" አለች ምራቲቱ። ሁለቱን ቦርሳ በትከሻዋ፣ ሁለቱን በእጇ አንጠልጥላ ወደ ጀልባው ወረደች። አምስተኛውን ባሏ ተሸከመ።

ቀዛፊው መቅዘፊያውን ተደግፎ አያት። "እህቴ፣ የጭነት መኪና መሰለሽ?"

"ስንት ሰው ይይዛል?"

"ስድስት።"

"እኛ አራት ነን። የሁለቱን ሰው ቦታ ለዕቃው ስጠው።"

ቀዛፊው ወደ ባልየው ዞረ። "ቤት ውስጥም እንዲህ ናት?"

"ቤት ውስጥ የባሰች ናት" አለ ባሏ።

እቴቴ ከአግዳሚው ተነሥተው መንጃ ፈቃዱን እንደተነጠቀ ሹፌር ቆሙ። ዕቃው ከሄደ ጠባቂው ምን ቀረው? የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ መጎተት ጀመረች። "ቆይ፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቷል" ብለው አንዴ ወደ አግዳሚው ተመለሱ፤ ከዚያ መጡና ተሳፈሩ። ምራቲቱ ባሸነፈችው ነገር ደስ ብሏት ቦርሳዎቹን አልቆጠረችም።

ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው፤ የሚያየው የመጣበትን ነው። እቴቴም እንደ እሱ ፊታቸውን ወደ ዳሩ አዙረው ተቀመጡ።

"እማዬ፣ ዙሪ እንጂ! ዋሻው በዚህ በኩል ነው" አላቸው ልጃቸው።

"ተወኝ፣ ይሄ ይመቸኛል።"

ገደሉ ከግራና ከቀኝ እየቀረበ መጣ። ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ተለወጠ። ዋሻው አፍ ላይ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሲገቡ ቀዝቃዛ አየር ፊታቸውን ላሳቸው። ቀዛፊው ፋኖሱን አንሥቶ ሰቀለ። ምራቲቱ ድንጋዩን ጥላ የአማቷን ፊት ነበር የምታየው። ሲደነቁ ልታይ ነው የመጣችው።

"ያ የአንበሳ ራስ ነው" አለ ቀዛፊው። "በዚህ በኩል ደግሞ ሙሽራዋ። ቬሏን አያችሁት?"

"አየሁ" አሉ እቴቴ። "ታምራለች።"

ፊታቸው ግን የዞረው ምንም ወደሌለበት ወደ ባዶው ግድግዳ ነበር።

ልጅቷ ይህን አየች። ልጅ ነገር ያየ እንደሆነ መፈተን ይወዳል። "እቴቴ፣ ግመሉንስ አየሽው?"

"እሱንም አየሁት።"

"ግመል እኮ የለም!"

ቀዛፊው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "አለ እንጂ" አለ። "ከኋላ አልፈነው መጣን። አንቺ ነሽ ያላየሽው።"

ምራቲቱ ይህን ሰውዬ በሕይወት እስካለች አትረሳውም።

የዋሻው ውስጠኛ ክፍል ሲደርሱ ቀዛፊው እንደ ልማዱ "አሁን መብራቱን አጠፋለሁ፤ ማንም እንዳይነሣ" አለና ፋኖሱን እፍ አለው። ጨለማ ሲባል እንዲህ ያለ ጨለማ ነው፤ ዓይን ገለጡትም ጨፈኑትም አንድ ነው። ልጅቷ "እማዬ፣ በረደኝ" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ምራቲቱ እጇን ዘረጋች፤ የያዘችው የባሏን ጉልበት ነው። እንደገና ዘረጋች፤ ድንጋይ ነካች። አንድ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ። "ነይ የኔ ሸጋ፤ እጅሽን ስጪኝ። ሌላውንም። በቃ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ፋኖሱ ሲበራ ልጅቷ ቀዩን ሹራቧን ለብሳ፣ አምስቱም ቁልፍ በየቀዳዳው ገብቶ፣ የአያቷን ክንድ ተደግፋ ተቀምጣለች። እቴቴ የቦርሳውን ዚፕ መልሰው እየዘጉ ነበር።

እናትና አባት የሹራቡን ቁልፎች አዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ምራቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ክረምቱ ሳይወጣ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ልትሆኚ? አንቺ እንደሆነ ስትሮጪ ነው የምትውይው።"

ቀዛፊው ፋኖሱን ወደ እሳቸው አስጠግቶ ከፍ አደረገ፤ እንደዚያ ቢሆን የሚያዩ ይመስል። እቴቴ ሙቀቱ ተሰማቸውና፣ "ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ ጋዝ አትጨርስ" አሉት።

ምራቲቱ ታጥባ የማትጨርሰው ነገር ላይዋ ላይ የፈሰሰ መሰላት። ሦስት ጊዜ! ሦስቱንም ጊዜ ወደዚህች ጀልባ ስትሮጥ ቦርሳዋን እጃቸው ላይ ጣል አድርጋላቸው ነበር የሄደችው። አንዴ እንኳ "እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ ልጠብቅ" አላለችም። ያኔ ሁለቱም ዓይናቸው ደህና ነበር። እንዲህ እያሰበች ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ቀዛፊውን፣ "ድንጋዩ ጋ ማስጠጋት ትችላለህ?" አለችው።

አስጠጋ። የአማቷን እጅ ይዛ ድንጋዩ ላይ አሳረፈችው።

እቴቴ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። "ሙሽራዋ ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"እርጥብ ናት እኮ" አሉ። "ስታለቅስ ከርማለች።" እጃቸውን እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላነሡም።

ወደ ዋሻው አፍ ሲመለሱ እቴቴ እንደ ሥርዓታቸው ቦርሳዎቹን መንካት ጀመሩ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።"

ባልየው ክው አለ። "ስድስት አልነበረም እንዴ? ያንቺ የታለች?"

"እዚያ ናት። አግዳሚው ላይ።"

"ረሳሻት? አንቺ?"

"ምን ረሳኋት! ትቻት ነው እንጂ።" ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "ስሙ፤ ዕቃውን ትቶ የሄደ ሰው ይመለሳል። ስንት ዘመን ስጠብቅ ያልተመለሰ አላየሁም። አንዱንም ውሃ አይወስደው፣ አንዱንም ገደል አይበላው። 'ቦርሳዬ የታል?' እያለ ይመጣል። እኔ እንግዲህ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ሁላችሁም እዚህ ውስጥ ናችሁ። ዳር ላይ ማን ይጠብቃችኋል? እሷን አስቀምጬ መጣሁ።"

ቀጥለው በዝግታ፣ "ያ ልጅ ነው ቦርሳውን ይዞ የወጣው" አሉ።

በዚያ ቤት "ያ ልጅ" ሲባል ማን እንደሆነ ይታወቃል። የባልየው ታላቅ ወንድም ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሥራ ፍለጋ አገር አቋርጦ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ደወለ፤ ከዚያ ስልኩ መጥራት አቆመ።

"መናኸሪያው ላይ፣ 'ተወው እኔ ጋ፣ ትኬትህን ቆርጠህ ና' ብዬው ነበር። 'አይ እማዬ፣ ይከብድሻል' ብሎ አንጠልጥሎት ሄደ። ከዚያው ነው የተሳፈረው።"

ቀዛፊው መቅዘፉን ትቶ ነበር። ጀልባዋ በራሷ ጊዜ፣ ወንዙ ወደፈለገው እየሄደች፣ ወደ ብርሃኑ ወጣች። ምራቲቱ ያንን መቶ ጊዜ ያየችውን ነገር አሰበች፦ ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው መንገዱን ማየታቸውን። ሌባ አልነበረም የሚጠባበቁት።

ዳሩ ሲቀርብ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። አግዳሚው ባዶ ነው።

"አለች?" አሉ እቴቴ።

ምራቲቱ አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ይህች ሴት በሕይወቷ አንዴ ቦርሳ ትታ ብትሄድ…

"ኧረ የማን ናት ይቺ!" አለ አንድ ድምፅ። ባለጃንጥላዋ ሴት ናት። ዚፑ የተበላሸውን፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘውን ቡናማ ቦርሳ ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። "ለብቻዋ ብትቀመጥ አላስቻለኝም። ምን ዓይነት ግድየለሽ ናት እያልኩ ስሰድብሽ ዋልኩ፣ እህቴ።"

እቴቴ ድምፁን ተከትለው ሄዱ። ቦርሳዋን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ያዟት። በሕይወታቸው ሙሉ የእሳቸውን ዕቃ የጠበቀላቸው ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ነበረች። "ያንቺዎቹ አልተመለሱም?" አሏት።

"አምስት ሆነው ገብተዋል። የት ይሄዳሉ? ጫማቸው እዚህ ነው!"

ሁለቱም ሳቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚስቀው ሳቅ ነው።

እቴቴ ቦርሳቸውን ምራታቸው ከጀልባው ካወረደቻቸው ከአራቱ ጋር እግራቸው ሥር አኑረው ከሴትዮዋ ጎን ተቀመጡና ቀዛፊውን ጠሩት። "ወንድሜ፣ ከእነሱ ኋላ የሚመለስ ጀልባ አለ?"

"የለም፣ እናቴ። የእነሱ የመጨረሻው ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እግራቸው ሥር ወዳለው ዕቃ ጎንበስ ብለው መንካት ጀመሩ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።" ከዚያም ቀና አሉ፤ ምንም ወደማያዩበት ወደ መንገዱ።

ባሏ የራሱን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ የልጅቷን እጅ ይዞ ቆሟል። "ዐሥር ሰዓት ሊሆን ነው" አለ። "አውቶቡሱ ያመልጠናል።"

ሁልጊዜ "በስንት ሰዓት?" የምትለው ምራቲቱ ግን አግዳሚው ላይ፣ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች።

"ልጅቷን ይዘህ ሂድና ቦታ ያዝልን" አለችው። "ጥቂት ቆይተን እንመጣለን። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ሊሄድ ዞረ።

"ቦርሳህን ግን ተወው።"

ቆመ። ሚስቱን አየ፣ እናቱን አየ። ማንገቻውን ከትከሻው አውልቆ ቦርሳውን እናቱ እግር ሥር፣ ከሌሎቹ ጎን፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

እቴቴ እጃቸውን ዘርግተው ነኩት።

"ስድስት" አሉ።