የአታ ሶዋ ጉርሻ ከነንግግሩ

ቤት ለምታጸዳ ሴት ጉርሻ መስጠት ለብዙ ሰው የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። እጅ ኪስ ይገባል፣ እጅ ይወጣል፣ «ለትራንስፖርት ትሁንሽ» ይባላል፣ አለቀ። በየግቢው ግን አንድ ሰው አይጠፋም፣ ኪሱና አፉ አንድ ላይ የተሰፉ የሚመስል፤ አንዱ ሲከፈት ሌላውም አብሮ የሚከፈትበት። ለእኛ ግቢ የደረሱን አታ ሶዋ ናቸው።

አክራ ውስጥ፣ ዳንሶማን፣ አራት ቤተሰብ በአንድ በር በሚገባበት ግቢ ነው የምንኖረው። ክቡር አታ ሶዋ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በረንዳቸው ላይ ከሬዲዮናቸው ጋር ይውላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርኮር ከቴሺ ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ሁለቴ ተሳፍራ ትመጣና አራቱንም ቤት በተራ ታጸዳለች። ደመወዟን ወር ሲሞላ ሁላችንም እንከፍላታለን። ጉርሻው ግን እንደየሰዉ ነው። እንደ አታ ሶዋ የሚሆን ግን የለም።

አሰጣጣቸው እንዲህ ነው። ኮርኮር ቤታቸውን ጨርሳ ባልዲዋን ይዛ ልትወጣ ስትል፣ «ቆይማ ልጄ» ይላሉ። ይነሳሉ። ሬዲዮኑን ይዘጋሉ። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ገንዘቡን በቀኝ እጃቸው እንደ ቴምብር ጠርዙን ብቻ ይይዙና «አንደኛ!» ብለው ይጀምራሉ። ጉርሻው ለምድጃው ጀርባ ከሆነ የምድጃው ጀርባ ታሪክ ይተረካል፤ ማን እንደገዛው፣ ሟች ባለቤታቸው የትኛው ጥግ ላይ እንዲቀመጥ እንደፈለጉ፣ በመጨረሻ የማን ሐሳብ እንዳሸነፈ። (የሚስትየው ነው።) ይህ ሁሉ ሲሆን ኮርኮር ቆማለች። ከመወልወያዋ ውሃ ይንጠባጠባል።

አንድ ቀን ንግግሩ ሲያልቅ ወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ጎንበስ ብላ እንደገና ወለወለችና፣ «አታ፣ ይሄኛው እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠርልኝ» አለቻቸው።

ቆጠሩላት። ለእሱም ንግግር አደረጉ።

የሚወዷት አባባል ነበረቻቸው። «ገንዘቡን አትይ፤ ሐሳቡን እይ!» ይላሉ፣ በተለይ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ቀን። ኮርኮርም፣ «ሐሳቡንስ አየሁት፣ አታ። የትሮትሮው ረዳት ነው አላይም የሚለኝ» ትላቸዋለች። አታ ሶዋ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ከዚያ «ሁለተኛ!» ይላሉ።

በሌላው ሰው ጉርሻም ይገባሉ። በሩ አጠገብ የሚሠራው ልብስ ሰፊው ላርዬ አንድ ጊዜ ደንበኛ ረስቶት የቀረ ሱሪ ለኮርኮር ባል ብሎ ሰጣት። አታ ሶዋ ግቢውን በሙሉ ማንጎው ሥር ሰበሰቡን። «አሮጌ ልብስ ስጦታ ነው፣ እሺ። ጉርሻ ግን አይደለም! የደከመ ሰው ላይ ዕቃ መጫን ነው። ወገብ ለጎበጠበት ሥራ ገንዘብ ነው የሚሰጠው። ሱሪውንም ጨምር፣ ማን ከለከለህ?» አሉት። ላርዬ የሚያህል ግዙፍ ሰው መቀሱን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

እኔ መምህር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስናገር ስለምውል ቅዳሜ ንግግር ማድረግም መስማትም አልፈልግም። እናም አንድ ቅዳሜ እንደ ሠለጠነ ሰው ሃያ ሴዲ ጠረጴዛ ላይ፣ ብርጭቆ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ስመለስ ገንዘቡ እዚያው ነው። ረስታው ይሆናል ብዬ ለሚቀጥለው ሳምንት ተውኩት። በሦስተኛው ቅዳሜ ብርጭቆው ታጥቦ፣ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ ሃያዋ ሴዲ በቦታዋ ተመልሳ ሳያት ኮርኮርን ጠራኋት።

«ይሄ እኮ ላንቺ ነው!»

«ማን ነገረኝ?» አለች ጨርቋን እየጨመቀች። «ቲቸር፣ ሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ ገንዘብ ምን ብዬ ነው የማነሳው? ነገ አንድ ነገር ጠፋ ቢባል፣ ብርጭቆው ይመሰክርልኛል?»

አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ በእጇ እሰጣታለሁ፤ «ለመስኮቶቹ ነው» እላለሁ። አታ ሶዋ ከበረንዳቸው ሆነው፣ «ንግግርሽ አጭር ናት፤ ግን ጅምሯ ጥሩ ነው» ይሉኛል።

በፋሲካው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

የኮርኮር ልጅ አሞርኮር የነርስ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። አታ ሶዋ ይህን ሲሰሙ ያን ዕለት ጠዋት አዲስ ባለ ሁለት መቶ ሴዲ ኖት አወጡ። እንዲህ ያለ ጉርሻ ሰጥተው አያውቁም፤ ንግግሩም በዚያው ልክ ረዘመ። ሰባት ነጥብ ነበረው። ላርዬ የልብስ ስፌት መኪናውን ሆን ብሎ በኃይል ረገጠ፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ መስኮቴን ዘጋሁ፤ ቢሆንም ይሰማል። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ኮርኮር ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ኖቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ማዳም ኤሲናም ቤት ገባች።

ማዳም ኤሲናም ከግቢው አዲሷ ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራው። በዚያ ሰዓት ጸጉር ቤት ነበረች። ከእኩለ ቀን በኋላ ጸጉሯ አምሮባት ተመለሰች፤ ብዙም ሳይቆይ ግቢው በጩኸት ተናጋ።

«መስታወቱ ጋ ያስቀመጥኩት ሁለት መቶ ሴዲ የለም! ከኮርኮር በቀር ማን ገባ?»

ሁላችንም ወጣን። ኮርኮር እጇ አረፋ እንደሆነ ቆማለች። ማንም ሳይጠይቃት ቦርሳዋን አንስታ ማንጎው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ገለበጠችው። ማበጠሪያ፣ ስልክ፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ኬንኬ፤ ከዚያ ያ አዲሱ ኖት።

«ይኸው!» አለች ማዳም ኤሲናም። «ይኸው! ከመቼ ወዲህ ነው የጽዳት ሠራተኛ ሁለት መቶ ሴዲ በአንድ ኖት የምትይዘው?»

ኮርኮር አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜዋን የሰጠችው ግቢ ነው። ሌባ ከተባለች ከእኛ ቤት ብቻ አትወጣም፤ ዳንሶማን ውስጥ በር የሚከፍትላት አይኖርም። የልጇም ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃል። «ጎረቤቶችሽን ጠይቂ» አለች ቀስ ብላ።

ላርዬ ከስፌት መኪናው ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንደኛ» አለ፣ «አታ ሶዋ ፖስታ ቤት በተቀጠሩበት ዓመት ከመንደራቸው አንዲትም ነርስ አልነበረችም። ሁለተኛ፣ ነርስ በእግሯ ነው የምትኖረው፤ ስለዚህ ጥሩ ጫማ...»

«ሦስተኛ፣» አልኩ እኔ፣ አፌን መያዝ ሳልችል፣ «ነጭ ጫማ በዝናብ ቀን በፌስታል ተይዞ ነው የሚኬደው። አራተኛ፣ ይህ ሁለት መቶ ሴዲ ብድር አይደለም...»

«...ውለታም አይደለም፤ የወጥ ቤቴ ወለል ዋጋ ነው!» ብላ የላርዬ ሚስት ከልብስ ማድረቂያው ገመድ ጀርባ ጨረሰችው።

እርስ በርስ ተያየን። ማናችንም ልንሰማው ያልፈለግነውን ንግግር ሁላችንም ቃል በቃል ሸምድደነዋል።

በዚህ መሃል አታ ሶዋ ከምሳ በኋላ እንቅልፋቸው ነቁ። በረንዳው ላይ ብቅ ብለው ነገሩን ሰሙ፤ ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ኮርኮር አጠገብ ሄደው ቆሙ። «ገንዘቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ማዳም» አሉ። «ያመለጠሽ ካለ ከመጀመሪያው ልደግምልሽ እችላለሁ።»

«አያስፈልግም!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

ማዳም ኤሲናም የእጅ ቦርሳዋን በድንጋጤ ትበረብር ጀመር። የጸጉር ቤቱ ደረሰኝ ወጣ። አየችው። ለጸጉር ሠሪዋ የከፈለችው በዚያው ሁለት መቶ ሴዲ ነበር፤ ስትጣደፍ ከመስታወቱ ሥር አንስታው ወጥታ ረስታዋለች። ቁጭ አለች። ከዚያ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አላመካኘችም። ተነስታ ሁላችንም ፊት፣ «ኮርኮር፣ ስምሽን አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ» አለች። ኮርኮር ኬንኬዋን፣ ማበጠሪያዋንና ኖቷን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «ሰምቻለሁ» አለች። «መታጠቢያ ቤትሽ አላለቀም፤ ልጨርሰው።»

ከዚያ ቀን በኋላ የአታ ሶዋን ንግግር የሚያቋርጥ ጠፋ። ላርዬ የስፌት መኪናውን ያቆማል። ማዳም ኤሲናም በሯ ላይ ትቆማለች። ይህም ትልቅ ጥፋት ሆነ፤ ሰው እንደሚሰማቸው ሲያውቁ ነጥቦቹ ወደ አሥር ከፍ አሉ።

ባለፈው ወር አታ ሶዋ ለዓይናቸው ሕክምና ኩማሲ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮርኮር ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድማ ጨረሰች። እኔ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ባልዲዋን ገልብጣ በረንዳቸው ፊት ለፊት ተቀመጠችና፣ «ዛሬ ቤቱ የጸዳ አይመስለኝም» አለችኝ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።

«ቲቸር፣ ኮርኮርን አገናኚኝ። ድምፁን ክፈችው። ገንዘቡን በስልኳ ልኬላታለሁ፤ ግን እንዲሁ እንደ መብራት ሂሳብ እንዲደርሳት አልፈልግም።» ከዚያ፣ «ኮርኮር! ቆመሻል?»

«ቆሜያለሁ፣ አታ» አለች ኮርኮር፣ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠች፣ እግሯን ዘርግታ የእኔን የተጠበሰ ዓሣ እየበላች።

«ጥሩ። አንደኛ፣ ዓይኔ ታስሮ እንኳ የመስኮቱ መስታወት እንደጸዳ አውቃለሁ። ለምን ብትይ...»

አራተኛው ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ሒሳባቸው አልቆባቸው ይሆናል። ስልኩን ኪሴ ልከት ስል ኮርኮር ዓሣውን አስቀምጣ እጇን ጠረገች፤ ከባልዲው ላይም ተነሳች።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቲቸር?» አለችኝ። «ደውይላቸው እንጂ። ገና አምስተኛውን አልነገሩኝም።»