እህት ከተማ ሽማግሌ የላከችበት ሌሊት

ትናንት ሌሊት ልሳነወርቅ በሕልሙ ዓለም ተገልብጣ አየ። እሱ የከተማው አስተዳደር የውጭ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ሲነጋ ከባሕር ማዶዋ እህት ከተማ የሚመጡ ልዑካንን ሊቀበል፣ እነሱም ዞር ዞር ብለው አይተው አዲሱ የውሃ መስመር ለየትኛው ሰፈር እንደሚገባ ሊወስኑ ነበር። ይህን እያሰበ ነው እናቱ ቤት እንቅልፍ የጣለው።

በሕልሙ ግን ለማኞቹ ልዑካኑ ሆኑ። ሦስት የውጭ ሽማግሌዎች በከረባታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ከእናቱ ከወይዘሮ ዘርፌሽዋል ደጅ ቆመዋል። ከንቲባው ከኋላቸው ጄሪካን ተሸክሞ ያለከልካል። ውሃ ሲያመላልሱ የኖሩት የሰፈሩ አህዮች በከንቲባው መኪና ተቀምጠው፣ መስኮት ዝቅ አድርገው ያልፋሉ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ እናቱ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ጥርት ባለ አማርኛ። «ከተማችሁን ለከተማችን እህት አድርጋችሁ እንድትሰጡን ነው።»

«የእናንተዋ ምን ጎድሏት?» አሉ እናቱ።

«ጎረቤት» አሉና ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እዚህስ?»

«ውሃ። ቦኗችን ከደረቀ ከራርሟል።»

ልሳነወርቅን በኀፍረት ላብ አጠመቀው። «እማዬ! ገመናችንን ለእንግዳ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ።»

ወዲያው ሁሉም ቦኖው ዘንድ ቆመው ተገኙ። ማዶ ያለው ማዘጋጃ ቤት በግቢው የሚፈሰው ፏፏቴ እንዳይታይ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ታጥሯል፤ ጸሐፊዎቹ በቀዳዳ ያጮልቃሉ። ሽማግሌው ተንበርክከው ጆሯቸውን ከቧንቧው አስጠጉ። ከዚያ ከውስጥ ተሰማ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«መጣ!» አለ ልሳነወርቅ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። አለቀሰ።

ዓይኑን ሲገልጥ ኳኳታው አልቆመም። ነጠላውን ጣል አድርጎ ወጣ። ነግቷል። ሠራተኞች ከእናቱ ደጅ ፊት ለፊት አረንጓዴ ቆርቆሮ ይመታሉ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደሚደረገው ሁሉ፣ ትናንት ራሱ ያዘዘው ነው።

«እንዳሉት አድርገናል፣ ጌታዬ» አለ አለቃቸው መዶሻውን ዝቅ አድርጎ። «ቦኖው ጭራሽ አይታይም።»

ከአጥሩ ወዲያ፣ ከመንገዱ በኩል፣ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እናቱ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ከኋላው ቆመዋል።

«ልሳኔ፣» አሉት ቆርቆሮውን እየዳበሱ፣ «በየት በኩል ልውጣ?»