አሸዋ ያልነካት እህቴ

በእናታችን ሳሎን የወንድሜ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ታናሽ እህቴ ውባለም ከሙሽራው ጎን ቆማለች፤ ጥርሷ ሳይቀር ይቆጠራል። እኔ ከኋላዋ ነኝ። መሽቶ ነበር። ወጥ ሳወጣ ዘግይቼ ደረስኩና ከኋላ ቆምኩ፤ የካሜራው መብራት እሷ ጋ ሲደርስ አለቀ። እኔ አሸዋ የተነሰነሰብኝ እመስላለሁ። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ "ይቺ ከኋላ ያለችው ማናት?" ቢል፣ እናቴ ቀና ብላ አየችና "እንጃ፣ ጎረቤት ትሆናለች" አለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ። ይቺን ነገር ይዤ ነው ስንት ዓመት የኖርኩት።

የፊታችን እሑድ ልጄ ማስተዋል ታገባለች። ትናንት ከባሌ ከገበየሁ ጋር ካሜራ ልንገዛ ወጣን። ሻጩ ሁለት አወጣልን። አንዱ ሩቁን ያቀርባል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ወደ ስልክ ይልካል፤ ግን ሲመሽ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። ሌላው ከማንሳት በቀር ምንም አያውቅም፤ ግን በጨለማም ያጠራል። ገበየሁ ብዙ የሚችለውን አለ። እኔ የሚያጠራውን አልኩ። ሳንስማማ ገባን፣ ሳንነጋገር ተኛን።

ሌሊት በሕልሜ ያ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። የተቀመጥኩት ግን መደርደሪያው ላይ ነው። ውባለም ከጎኔ አለች፣ ተኳኩላ። በመንገዱ ካሜራዎች ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሰው በማንገቻ አንጠልጥሏል። አንድ ትልቅ ካሜራ ከነሚስቱ ገባ።

"ይቺ ምን ምን ትችላለች?" ብሎ እኔን ገለባበጠኝ።

"ወጥ ትሠራለች፣ ድግስ ትደግሳለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች፣ በሽተኛ ታስታምማለች" አለ ሻጩ።

"ያችኛዋስ?"

"ትቆማለች።"

"ሌላስ?"

"ፈገግ ትላለች።"

መጋረጃውን ዘጉና በጨለማ አዩን። ውባለም እንደ ጨረቃ ቦግ አለች። ከእኔ እጅጌ አሸዋ ይንፎለፎል ጀመር።

"ብዙ የምትችል ሁሉ እንዲህ ናት" አለች የካሜራው ሚስት። "ጠርታ የምትቆመዋ ትሻለናለች።"

"መጋረጃውን ክፈቱና በብርሃን እዩኝ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ወዲያው ቤቴ ነበርኩ። ሽማግሌዎች መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያዎች ናቸው፤ ነጠላ አጣፍተዋል፣ በሩ ላይ ተገትረዋል።

"ኧረ ተቀመጡ" አለ ገበየሁ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ትልቁ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ "ጉዳያችን ቢሰማም አንቀመጥም፤ ጉልበት የለንም" አለ።

ለጌታቸው፣ ለትልቁ ካሜራ፣ አንዷን እህት ሊጠይቁ ነው የመጡት። የተመረጠችው ከፊት ትቆማለች፣ ያልተመረጠችው ደብዝዛ ትቀራለች። ዘር አልጠየቁም። ያደግንበትን መብራት እንድቆጥር ጠየቁኝ።

"ኩራዝ" አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። "በኩራዝ ያደገች አሸዋ አያጣትም።"

"ውባለምስ? እሷም በዚያው ኩራዝ ነው ያደገችው።"

"እሷ ኩራዙ ሥር ተቀምጣ ታጠና ነበር" አለ ትልቁ። "አንቺ ከኋላ ሆነሽ ዕቃ ታጥቢ ነበር።"

ነገሩ እውነት ነው። ለዚህም ነው የተናደድኩት። በተናደድኩ ቁጥር አሸዋው ባሰ፤ ወለሉን ሞላ፣ ጉልበቴን አለፈ፣ ደረቴ ደረሰ። ውባለም አሸዋው አናት ላይ ንጹሕ ሆና ቆማለች። እናቴ ገባች፣ ዝቅ ብላ አየችኝና "ይቺ ማናት?" አለች። እኔ ነኝ፣ ልጅሽ ባንቺአየሁ፣ ልል አፌን ብከፍት በአሸዋ ተሞላ።

"እትዬ፣ እትዬ ባንቺ፣ ተነሺ እንጂ።"

ዓይኔን ስገልጥ ውባለም አናቴ ላይ ቆማለች። ለእሑድ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳለች። ገበየሁ ከኋላዋ ካርቶን ይዟል።

"ተኝተሽ ስትቀሪ ከጋሼ ጋር ሄደን ገዛንልሽ" አለች። "እንዳልሽው የሚያጠራውን። ሱቅ ውስጥ፣ ከሙሽሪት ጎን እንደምቆመው ሆኜ ሞከርኩት። እትዬ ሙች፣ ሽፋሽፍቴ ሁሉ ታየ። እሑድ እዚያው ቦታ ነው የምቆመው።"

ተነሳሁ። ካሜራውን ከካርቶኑ አወጣሁት። ማንገቻውን ዘረጋሁና አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት፤ ቀሚሷን እንዳይጎትትባት አስተካከልኩላት።

"የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ቁልፉንም የምታውቂው አንቺ ነሽ" አልኩ። "እሑድ አንቺ ነሽ የምታነሺን።"

ገበየሁ ጣራ ጣራውን አየ።

"እኔስ?" አለች። "እኔን ማን ያነሳኛል?"

"አንቺማ እማዬ ጋ ግድግዳው ላይ አለሽ።"