የየኔታን ዕቃ የጎተትኩ ዕለት

«ይበቃል» የሚለውን ቃል እኛ አገር ማን እንደፈጠረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እንደፈጠረው ግን አይገባኝም፤ ሲሠራ አይቼው አላውቅማ! እስቲ እናንተው ፍረዱ። ጎጃም ውስጥ ሰው ቤት ገብታችሁ «ይበቃኛል» ስትሉ ምን ይከተላል? ጭልፋው ይመለሳል። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ስትሉ ደግሞ «በሞቴ» ይመጣል። በሞቴን እምቢ ካላችሁ ባለቤቲቱ ታዝናለች፣ ባልየው ያኮርፋል፣ እናንተም ለወር ያህል «እሱ እኮ ኩሩ ነው» እየተባላችሁ ትታማላችሁ። ስለዚህ ትበላላችሁ። ሆድስ ደግነቱ ይለጠጣል። ተጎታች ግን አይለጠጥም። ይህንን የተማርኩት ባለፈው ሐምሌ፣ ዳገት መካከል ቆሜ ዝናብ ሲወርድብኝ ነው።

የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ፤ አንዲት የናፍጣ የፊልድ መኪና አለችኝ። ዕድሜዋን አትጠይቁኝ፣ እኔም ረስቼዋለሁ። የፊት ጎማዎቿ መግፋት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የምትሄደው በኋላ እግሯ ብርታት ብቻ ነው። ቢሆንም ጉልበቷን ሳወራ ያልሰማኝ ሰው ማርቆስ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። «ናፍጣ እኮ ነው!» እላለሁ ደረቴን ነፍቼ፣ ናፍጣውን ከጓሮዬ ያፈለቅኩት ይመስል። ጉራ ደግሞ አንድ ቀን ሰሚ ያገኛል። የኔታ ላቀው ሰሙና አስጠሩኝ።

የኔታ አማኑኤል ከተማ ለብዙ ዘመን ድጓ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በላይ እኔው ሰንፌ ቀረሁ እንጂ። እና በቁይ በኩል ያለች አንዲት የገጠር ደብር መምህር አጥታ ተማሪዎቿ ተበትነውባት ኖሯል። እመጣለሁ ብለው የቀሩባት ሁለት መምህራን አሉ። ሦስተኛው የኔታ ናቸው። «ለሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ደርሼ ማኅሌቱን እኔው እመራለሁ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ይህን ሰምተው የተበተኑት ተማሪዎች ተመልሰው ተሰብስበዋል። «እኔም ከቀረሁ ልጄ፣ ዳግመኛ የሚሰበሰብ የለም» አሉኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ እጃቸው ግን መቋሚያውን አጥብቆ ይዞ ነበር።

ክረምት ነው፤ የብራና መጻሕፍታቸውን ዝናብ እንዳይነካቸው በክፍት መኪና መጫን አይሆንም። ስለዚህ የእህቴን ባል ተጎታች ተዋስኩ። ዙሪያውን በላሜራ የታሸገ፣ በር ያለው ከኋላ ብቻ የሆነ፣ ብስኩትና ሳሙና ለየሱቁ የሚያደርስበት ትልቅ ሣጥን ነው። በዋዜማው ጠዋት አማኑኤል ደርሼ መጻሕፍቱን፣ ከበሮውንና አንዲት የጠፍር አልጋ ወደ ውስጥ ወደ ፊት አስጠግተን አስቀመጥን። የሊቅ ንብረት ይኸው ነው፤ የሣጥኑን ሩብ አልሞላም። እኔም እጄን አራግፌ «በሉ ይበቃል» አልኩ።

አያችሁ? ራሴው አልኩት።

ከዚያማ አማኑኤል ተነሣ። አንዱ ስንዴ በጆንያ፣ አንዱ ገብስ፣ አንዷ ማር በገንቦ። ተጎታቹ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሰዉ ጭነቱን አይቶ ያዝንልኝ ነበር። ተዘግቶ ሲያየው ግን እያንዳንዱ ሰው ባዶ ይመስለዋል፤ «እኔ የማመጣት ይቺ ብቻ ናት» ይላል። የሁሉም «ይቺ ብቻ» ሲደመር ምን እንደሚሆን የሚያስብ የለም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከመጻሕፍቱ ጎን ጆንያ ማስጠጋት ነውር ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የተጻፈበትን ብራና ከሽሮ ጋር ማን ያነካካል? ስለዚህ ከመጻሕፍቱ በኋላ የክብር ክፍተት ተተወና ከባድ ከባዱ ሁሉ በሩ ሥር ተከመረ። እኔም አንገቴን ነቅንቄ በጨዋነታቸው ተደሰትኩ።

መጨረሻ ላይ እማሆይ የሺ መጡ። የየኔታ ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንኩሰው የየኔታን ተማሪዎች ሲያበሉ የኖሩ። አራት ጎረምሳ ሁለት ትልልቅ ጆንያ ባቄላ ተሸክሞ ከኋላቸው ይከተላል። ጎረምሶቹ ወደ ውስጥ ሊገፉት ሲሉ በመቁጠሪያቸው አስቆሟቸው።

«እዚሁ በሩ ሥር ይሁን። የመጻሕፍቱ ክብር ይጠበቅ!»

ማን ይከራከራቸዋል? በሩን በትከሻችን ገፍተን ዘጋነው። የኔታ እየመረቁ ተሰናበቱ፣ ሴቱ ሁሉ አለቀሰ፣ እማሆይ የሺ ግን እንባ አልወጣቸውም። ልበ ጠንካራ ናቸው ብዬ አደነቅኳቸው።

እስከ ማርቆስ አስፋልቱ ላይ ተጎታቹ ከኋላዬ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። «ነፋስ ነው» አልኳቸው ለየኔታ። እሳቸው ወደ ውጭ ተመለከቱ፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ውዳሴ ማርያማቸውንም ቀጠሉ። ማርቆስን አልፈን ጠጠሩ መንገድ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ከዚያ ያ ዳገት መጣ።

በአንደኛ ማርሽ ጀመርኩት። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ እኛ ግን እዚያው ነን። ነዳጅ ስጨምር ጭራሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ያለ የሌለ ኃይሌን ፍሬን ላይ አዋልኩት። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ሮጠው ድንጋይ ታኮ ባያደርጉልን ኖሮ ዛሬ ይህንን የሚያወራችሁ ሌላ ሰው ነበር። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። ዋዜማ የሚቆመው አሥር ሰዓት ነው። ያ የማወራለት የመኪናዬ ጉልበትማ የት እንደገባ እንጃ።

የኔታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወረዱ፣ ዙሪያውን ዞሩና መኪናውና ተጎታቹ የሚያያዙበት ጋንጮ ፊት ቆሙ።

«በቅሎ ጭነህ ታውቃለህ?»

«ኧረ የለም የኔታ።»

«ጭነት ወደ ኋላ ከሸሸ በቅሎ ዳገት አትወጣም። ተመልከት፤ ተጎታቹ ቂጡን ጥሎ ተቀምጧል፣ የመኪናህን ወገብ ደግሞ ወደ ላይ አንጠልጥሎታል። በምኗ ትርገጥ?»

አየሁት። እውነትም የመኪናዬ የኋላ ጎማ ጭቃውን ዳበስ ዳበስ ነው እንጂ የሚያደርገው አልረገጠውም። ዕድሜ ልኬን መኪና የነዳሁ ሰው፣ መሪ ጨብጠው ከማያውቁ ሊቅ ይህንን ሰማሁ። አፈርኩ። ግን ምን ይደረግ? እህሉን ወደ ፊት እንግፋው ቢባል መጻሕፍቱ አሉ። ገበሬዎቹም በሩን ከፍተው ጆንያውን ከፍ አድርገው ያዙና ቆሙ፤ አንዳቸውም ደፍሮ አያስጠጋም።

«መጻሕፍቱ ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ» አሉ የኔታ፣ «እህሉ በቦታቸው ይግባ። እህልስ ቢሆን የእግዜር ፍጥረት አይደል?»

ወዲያው ብራናዎቹ በጋቢ ተጠቅልለው እየተሳሙ ወደ መኪናው ገቡ። ባቄላው፣ ስንዴው፣ ገብሱ እየተጎተተ ወደ ተጎታቹ ግንባር ሄደ። የመኪናዬ ወገብ ቀስ ብሎ ዝቅ ሲል በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ማርሽ አስገባሁ፤ ገበሬዎቹ «አይዞሽ! በርቺ!» እያሉ ከኋላ ገፉ። ወጣች! እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወንድ ልጅ እልል አይልም ያለው ያንን ዳገት ያላየ ነው።

ስንደርስ ደወሉ ተደውሎ ነበር። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ተስፋ ቆርጠው አኮፋዳቸውን አንግተው ከቅጥሩ በር ላይ ቆመዋል። የኔታ እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ወረዱ፣ መቋሚያቸውን ተቀበሉና በመካከላቸው አልፈው በቀጥታ ቅኔ ማኅሌት ገቡ። ድምፃቸው ሲሰማ አኮፋዳው ሁሉ ከትከሻ ወረደ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

በዓሉ አልፎ ልመለስ ስል የደብሩ ሰዎች አስቆሙኝ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም! ስንዴ የነበረበት ጆንያ ድንች፣ ማር የነበረበት ገንቦ ጠላ፣ ሁሉም ሞልቶ ተመለሰ። «ኧረ ይበቃል» አላልኩም። «ወደ ፊት አድርጉት» ብቻ አልኩ።

አማኑኤል ገብቼ ለየባለቤቱ ሳከፋፍል እማሆይ የሺ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ያወረድኩላቸውን ድንች ዞር ብለውም አላዩት።

«ደረሱ?»

«በሰዓቱ ደርሰዋል እማሆይ።»

«ዳገቱስ?»

«መጀመሪያ እምቢ ብሎን ነበር። ጭነቱ ወደ ኋላ በዝቶ...»

«አውቃለሁ» አሉ። «አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ስጭን ነው ያደግሁት።»

በሩ ሥር ያስቀመጡት ያ ሁለት ጆንያ ባቄላ ትዝ አለኝ።

«ምን ላድርግ ልጄ?» አሉ አሁን እንባቸው እየወረደ። «አይሂዱብኝ ብዬ መምህር አልለምን፣ ነውር ነው። ዳገቱ ይመልስልኛል ብዬ ነው።»

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ወስጄ የኔታን እንደማሳያቸው ቃል ገባሁ። ፊታቸው በራ።

«አንተ ብቻ ና» አሉኝ፣ «እኔ እንደሁ ባዶ እጄን ነው የምሄደው።»

እኛ አገር «ባዶ እጄን» የ«ይበቃል» ወንድም ነው፤ ማርቆስ እንደገባሁ ቤቴ እንኳ ሳልደርስ ብረት በያጅ ዘንድ ሄጄ ጋንጮውን አስጠነከርኩ።