በጀት የማይጠይቀው ዕቅድ

ለመሥሪያ ቤቶች ታሪክ ሲባል መመዝገብ ያለበት ያ ታላቅ ውሳኔ የተላለፈው በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሊፍቱ እንደተለመደው ቆሞ ሠራተኛው በደረጃ እያለከለከ በገባበት ሰዓት ነው። ክቡር ሥራ አስኪያጁ ከሥልጠና በተመለሱ ማግስት ሠራተኛውን ሰብስበው፣ መሥሪያ ቤቱ ወደኋላ የቀረው ስለ ወደፊቱ በእንግሊዝኛ ስለማያወራ መሆኑን አበሰሩ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ላገኘው ባልደረባ የወደፊት ዕቅዱን በእንግሊዝኛ እንዲናገር፣ የሰማውም ወገን እጁን ጨብጦ «ቬሪ ጉድ!» እንዲል መመሪያ ወጣ። «በምን ገንዘብ?»፣ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ሞራል የሚነካ ኋላ ቀር አሠራር ስለሆነ ተከለከለ።

ዕቅድ የሌለው ሠራተኛ እንዳይሸማቀቅም ታስቦለታል። ከሥልጠናው የመጣው የእንግሊዝኛ ንግግር መለማመጃ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተቆራርጦ በሥራ አስኪያጁ ባርኔጣ ውስጥ ገባና ሁሉም ዕጣ አወጣ። ለጸሐፊዋ ኬክ ቤት መክፈት ደረሳት። ለሒሳብ ሹሙ ሕክምና መማር። የአራት ልጆች አባት ለሆነው ሾፌር ደግሞ በሚቀጥለው ወር ማግባት ደረሰው፤ ቤቱ ሲለማመድ ሚስቱ ሰምታ በትልቁ ልጃቸው ካስተረጎመችው በኋላ ለጥቂት ጊዜ መኪና ውስጥ ማደር ግድ ሆኖበታል። ሥራ አስኪያጁ ዕጣ አላወጡም፤ ከራሳቸው አንቅተው «ሊፍቱን እናስጠግናለን» የሚል ዕቅድ ያዙ። በየጠዋቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ላባቸውን እየጠረጉ ይህንኑ ይናገራሉ፤ ሠራተኛውም ትንፋሹ ሲመለስለት «ቬሪ ጉድ!» ይላል።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ቁልፍ የደረሳቸው ግን ረጅሙ ነበር፤ «በሚቀጥለው ጸደይ ሥራዬን እለቃለሁ፤ ባህር አጠገብ እየኖርኩ ዓሣ አጠምዳለሁ።» ጋሽ ቁልፍ የተባሉት የመጋዘኑ ቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው ስለማይለይ ነው። ባህር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሥራቸውን ደግሞ ከልብ ይወዱታል፤ የወረቀቱን ሽታ፣ የመደርደሪያውን ሥርዓት፣ ይልቁንም እስክሪብቶ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «መጀመሪያ አሮጌውን መልስ!» እያሉ ማመላለስን። ጡረታቸው ገና ነው፤ የመጨረሻ ልጃቸውም ኮሌጅ ከገባች ቅርብ ጊዜዋ ነው። የሆነ ሆኖ መመሪያ አክባሪ ሰው ናቸውና ዓረፍተ ነገሯን ጫማቸውን እያሰሩም፣ አውቶቡስ እየጠበቁም ሸመደዷት። በመሥሪያ ቤቱ እንደሳቸው ዕቅዱን አሳምሮ የሚናገር ታጣ።

ጸደይ ሲቃረብ ከዋናው መሥሪያ ቤት ገምጋሚ ቡድን እንደሚመጣ ተሰማ። ቡድኑ አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ከታቀደው ውስጥ ምን እንደተፈጸመ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ሊፍቱ በጀት ይፈልጋል። ኬክ ቤቱም ይፈልጋል። የሾፌሩን ዕቅድ ሚስቱ አላጸደቀችውም። ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው ሰባራ ሳንቲም የማይጠይቅ አንድ ዕቅድ አገኙና ጋሽ ቁልፍን አስጠሩ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ጊዜው ደረሰ።»

«የምኑ ጊዜ?»

«የባህሩ ነዋ! መቼ ነው የሚለቁት?»

ጋሽ ቁልፍ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ እንዳልሳቁ ሲያዩ ግን እጃቸው ሳያስቡት ወደ ቁልፋቸው ሄደ። «ኧረ ጌታዬ፣ እሱ እኮ እንግሊዝኛ ነው!»

«እንግሊዝኛ ስለሆነ ውሸት ነው ሊሉኝ ነው?»

«ውሸትማ አይደለም። ግን የኔ አይደለም። ከባርኔጣው ነው ያወጣሁት።»

«ባርኔጣው የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ስለዚህ የአመራሩን ዕቅድ አልፈጽምም እያሉ ነው?»

ጋሽ ቁልፍ የቁልፍ ዘለላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ቤተሰብ አለኝ እኮ! ሥራዬን ለቅቄ ምን ልበላ ነው?»

«ዓሣ ነዋ ጋሼ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ዕቅዱ ምን ያህል የተሟላ እንደሆነ ራሳቸውንም እያስገረማቸው።

ሽኝቱ የተደረገው ገምጋሚዎቹ ባሉበት በትልቁ አዳራሽ ነው። ሠራተኛው አዋጥቶ የገዛው ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በሪባን ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ራዕይ፣ ስለ ቁርጠኝነትና ስለ ባህር ሰፊ ንግግር አደረጉ። ጋሽ ቁልፍ ግን ቆርጠው ነው የመጡት፤ እውነቱን አፍርጠው ሊናገሩ። ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ እንግዶች፣ እኔ እንኳን…»

«በእንግሊዝኛ ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ በፈገግታ። «የለመዷትን!»

ምስኪኑ ሰውዬ አፋቸውን ከፈቱ። በእንግሊዝኛ ከዚያች ከአንዷ በስተቀር ምንም አልነበራቸውም፤ እሷው ወጣች፤ ሥራዬን እለቃለሁ፣ ባህር አጠገብ እኖራለሁ፣ ዓሣ አጠምዳለሁ። ደግሞ እንደዚያን ቀን አሳምረው ተናግረዋት አያውቁም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የገምጋሚዎቹ መሪ ራሳቸው መጥተው ጨበጧቸው። ቁልፉን ከወገባቸው ሲፈቱ እንባቸው መጣ፤ ገምጋሚው ይህንንም «የደስታ እንባ» ብለው መዘገቡት።

ዘንጉ ደረጃው ላይ አልታጠፍ እያለ በየፎቁ ግድግዳውን እየፋቀ ወረደ። ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ነው። ተፈጸመ።»

«ካለው ሁሉ ያንተን መረጡ?»

«ርካሹ እሱ ነዋ!» አሉ ጋሽ ቁልፍ፣ ዘንጉን ግድግዳው ላይ እያስደገፉ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ቁልፍ ቤት ዋሉ። ሥራ መፍታት ስላልሆነላቸው የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ደረደሩት፤ ቆለፉትም። ባለቤታቸው ንጹሕ ማንኪያ ሲፈልጉ አሮጌውን መመለስ ግድ ሆነባቸው።

ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ውለታ አልረሳም። መሥሪያ ቤቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ያለ በጀት፣ በወቅቱና መቶ በመቶ የተፈጸመ ዕቅድ ይህ የመጀመሪያው በመሆኑ፣ ምርጥ ተሞክሮው ባስቸኳይ እንዲስፋፋ ትእዛዝ ሰጠ። ተሞክሮ የሚስፋፋው ደግሞ አመራሩ አርአያ ሲሆን ነው። ሠራተኛው በታላቅ ደስታ በድጋሚ አዋጣ፤ ሁለተኛውም ዘንግ ከመጀመሪያው እንዲረዝም ተደርጎ ተገዛ።

በማግስቱ የጋሽ ቁልፍ በር ተንኳኳ። ሲከፍቱት ሥራ አስኪያጁ ክራቫታቸው ተጣሞ፣ ዘንጋቸውን ታቅፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም ባህር አጠገብ ልኖር ነው። ዓሣም ላጠምድ ነው። ግን በምን ገንዘብ? እንዴት? ደግሞስ… ባህሩ በየት በኩል ነው?»

ጋሽ ቁልፍ መመሪያ አክባሪ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው አጥብቀው ጨበጧቸው።

«ቬሪ ጉድ!» አሉና በሩን ቆለፉት።