ለናሙና የተቀመጠው ንጹህ ሰው

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው በከተማችን ፖሊስ ጣቢያ የታየውን ታላቅ የተጠያቂነት ትንሣኤ ለትውልድ ለማስተላለፍ ነው። ዝም ብል ታሪክ ይታዘበኛል። ከተማችን በመተማ ቆላ ካለችው ከኮኪት ብዙ አትርቅም፤ ስሟን የማልጠቅሰው በትሕትና ነው፣ ሌሎች ከተሞች እንዳይቀኑብን።

እኔ መምህር ማዕረግ እባላለሁ። ሥራዬ ሥነ ዜጋ ማስተማር ሲሆን፣ በተደራቢነት አዲስ የተቋቋመው የፖሊስ ተጠያቂነት ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ። ምክር ቤቱ የተቋቋመው "ፖሊስን ማን ይጠይቀዋል?" ለሚለው የቆየ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ቀድሞ የሚጠይቀው አልነበረም። አሁን ግን አሥራ አንድ ሆነን እንጠይቀዋለን። ሰብሳቢያችን የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ዘመነ ናቸው። አንዳንድ አላዋቂዎች "ተጠያቂው እንዴት የጠያቂዎች ሰብሳቢ ይሆናል?" ብለው አጉረምርመው ነበር። ኮማንደሩ ተነሥተው "ፖሊስን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ" ሲሉ ግን እጁን ያወጣ አልተገኘም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወር ሳይሞላን ከበላይ አካል ደብዳቤ ደረሰን። ልዑካን መጥተው የሕዝብ መድረክ እንደሚያካሂዱ ገልጾ፣ በመድረኩም ላይ "ቢያንስ አንድ አቤቱታ ቀርቦ፣ ተመርምሮ፣ እዚያው እልባት እንዲያገኝ" ያዝዛል። የአቤቱታ መዝገባችንን አወጣን። አንድ መስመር አልተጻፈበትም። ኮማንደሩ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ቆይተው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ ሕዝብ ምን ነካው? አንድ የሚያማርር ሰው ይጥፋ?" አሉ።

መዝገቡ የሚቀመጠው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ ሽጉጣቸውን ከሚያኖሩበት ጎን ነው። ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም።

ደግነቱ በሽር ታስሮ ነበር።

በሽር አሥር ሄክታር ሰሊጥ የዘራ ገበሬ ነው። ባለቤቱ ሙሚና ገበያው መሐል ሱቅ አላት። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ ለይኩን የሚባል ሠራተኛቸው ከሰው ተጣልቶ ሲታሰር፣ በሽር ዋስ ሆኖ አስፈታው። የቆላው ልማድ ነው፤ አጨዳ ሲቃረብ ሠራተኛ የታሰረበት ባለ መሬት ዋስ ሆኖ ያስወጣል፣ አለበለዚያ ሰው አያገኝም። ለይኩን ግን በቀጠሮው ቀን ቀረ። ዋሱ በሽርም በእሱ ፈንታ ታሰረ።

በማግስቱ ለይኩን ራሱ መጣ። ሽንፋ ከተማ ላይ ወባ ጥሎት ነበር የቀረው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ከተጣላው ሰው ጋር የታረቀበትን ወረቀት ይዟል።

"ጌታዬ፣ ይኸው መጥቻለሁ። እኔን እሰሩኝና ጋሽ በሽርን ልቀቁት" አለ።

ተረኛው ፖሊስ መዝገብ አገላበጠ። "ያንተ ጉዳይ በዕርቅ ተዘግቷል። በተዘጋ መዝገብ ሰው አናስርም። ሕግ አለ!"

ስለዚህ በሽርን ለመያዝ ምንም ምክንያት አልቀረም። ኮማንደሩ የመፍቻውን ወረቀት ሊፈርሙ ብዕራቸውን አነሡ። ቀጥሎ ያለውን ሐሳብ ያፈለቅሁት እኔ ነኝ፤ ክብሩን ከማንም ጋር አልካፈልም።

"ኮማንደር፣ አንድ ጊዜ ይቆዩ" አልኩ። "አቤቱታ ፈልገን አጣን። ይኸው ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው እጃችን ላይ አለ። ዛሬ ብንፈታው ማን ያይልናል? መድረኩ ላይ ብንፈታው ግን አገር ያየዋል።"

"ጥፋት ቢገኝበትስ?"

"ጥፋት ያለበትማ ክርክር ያስነሣል። ለናሙና የሚሻለው ንጹህ ሰው ነው።"

ኮማንደሩ የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ። ምክር ቤቱም በዚያው ዕለት ተሰብስቦ የበሽርን ንጹህነት በሙሉ ድምፅ ካጸደቀ በኋላ፣ እስከ መድረኩ ቀን፣ እስከ ሐሙስ፣ በእስር እንዲቆይ ወሰነ።

ሙሚና ወሬውን ሰምታ ሱቋን ዘግታ መጣች።

"ንጹህ ነው ብላችኋል አሉ" አለች።

"በቃለ ጉባኤ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ። ልውሰደው በሉኛ።"

"ሐሙስ።"

"መምህር፣ ሰሊጡ ደርሷል እኮ! ቅጠሉን ጥሏል። በዚህ ሳምንት ካልታጨደ አፉን ይከፍታል። አንዴ ከከፈተ ነፋስ በነካው ቁጥር ነው የሚረግፈው። እርስዎ የደገኛ ልጅ ስለሆኑ ጤፍ መስሎዎት ይሆናል።"

ኮማንደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወይዘሮ ሙሚና፣ ሰሊጥ በየዓመቱ ይዘራል። ተጠያቂነት ግን ዛሬ ካልተዘራ መቼ ይዘራል?"

"ኮማንደር፣ እርስዎ ዘርተው ያውቃሉ?"

"እኔ የምዘራው ሰላም ነው።"

ንግግራቸውን ለታሪክ ብዬ በማስታወሻዬ ያዝኩት። ሙሚና ግን ለታሪክ ግድ የላትም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ወደ መናኸሪያው ሠራተኛ ልትፈልግ ሄደች። ሠራተኛው ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይጠይቃታል፦ ውኃ ማን ያመጣልናል? እርሻው ሩቅ ነው፤ ያለ ትራክተርና ያለ ውኃ ቦቴ በዚያ ፀሐይ የሚያጭድ የለም። ትራክተሩ ደጃቸው ቆሟል፤ ቁልፉ ግን በሽር ሲገባ ኪሱ ውስጥ ስለተገኘ በኤግዚቢትነት ተይዟል። ሙሚና ቁልፉን እንኳ ስጡኝ ብላ ተመለሰች። ኤግዚቢት የሚመለሰው ከባለቤቱ ጋር መሆኑን በትዕግሥት አስረዳናት። ሠራተኛው ሌላ ባለ መሬት ተከትሎ ሄደ። ለይኩን ብቻ ሦስት የአገሩን ልጆች ለምኖ፣ ውኃ በጄሪካን ተሸክሞ በእግሩ ወረደ። አራት ሰው፣ አሥር ሄክታር።

እኛም ሥራ አልፈታንም። በሽርን ፎቶ ስለሚነሣ ጠጉሩን አስተካከልነው፤ ፍራሽ ቀየርንለት፤ ከአዛዡ ቢሮ ቬንትሌተር ወስደን አቆምንለት። በጣቢያው ታሪክ እንደ እሱ በክብር የታሰረ የለም። ንግግሩንም እኔ ራሴ አስጠናሁት።

"እንዲህ በል፦ 'ያለ ጥፋቴ ታሰርኩ፤ አሁን ግን ፍትሕ አገኘሁ።'"

"ፊተኛውን ዛሬ ልበለው። ሁለተኛውን ስትፈቱኝ።"

"ልምምድ ነው በሽር።"

በሽር እጄን ያዘኝ። "መምህር፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ልጄን አስተምረዋል። ለአራት ቀን ብቻ ልቀቁኝ። የመድረኩ ዕለት ራሴ እመጣለሁ። ራሴ እገባለሁ፣ ከውጭ ትቆልፉብኛላችሁ። ወላሂ አልቀርም።"

እንደማይቀር አውቅ ነበር። ሆኖም ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ባቀርበው፣ በራሱ ፈቃድ ወጥቶ የሚገባ እስረኛ ለልዑካኑ እስረኛ አይመስልም ተባለ። እኔም ውሳኔውን ጻፍኩ።

ሐሙስ ደረሰ። ልዑካኑ ግን አልደረሱም፤ ስለ ሰዓት አከባበር ሥልጠና ላይ ነበሩ። መድረኩ ለሰኞ ተዛወረ። ሌላ ችግር ተፈጠረ፦ መተማ ዮሐንስ ድረስ ሰው ልከን ያሳተምነው ባነር የሐሙስን ቀን ይዟል። ቀኑ ባለፈ ባነር ሥር ሰው ሲፈታ ምን ይባላል? ሌላ ታዘዘ። እሱ እስኪደርስ ሰኞም አለፈ። ሦስተኛውን በብልሃት ቀን ሳንጽፍበት አሳተምነው።

መድረኩ የተካሄደው በሽር በታሰረ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። "ሕዝብ ጠያቂ፣ ፖሊስ ተጠያቂ!" የሚለው ባነር ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። የልዑካኑ መሪ አቶ እንዳለው፣ በሽር ሲገባ ብድግ ብለው ተቀበሉት።

"ያለ ጥፋቴ ታሰርኩ" አለ በሽር። ያስጠናሁትን ሁለተኛውን ክፍል ዘለለው።

ኮማንደሩ እንባ ባቀረረ ዓይን አቀፉት። "ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ነፃ ነህ!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሙሚና እየሮጠች መጥታ ባሏን ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችው።

"አንዴ፣ አንዴ!" አሉ አቶ እንዳለው ወረቀት እያገላበጡ። "ቅጹ አላለቀም። 'ለጥፋቱ ተጠያቂ የሆነው አካል' የሚል አለ። እዚህ ላይ ስም እንፈልጋለን።"

ኮማንደሩ ፈጠን አሉ። "ጣቢያው ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። ሰውየውን ያቆየውም የምክር ቤቱ ውሳኔ ነው።"

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። የምክር ቤቱን መመሪያ ገለጥኩ። "ምክር ቤቱ ደግሞ፣ በአንቀጽ አራት መሠረት፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ነው።"

"ስለዚህ የመጨረሻው ኃላፊ ሕዝብ ነው!" አሉ አቶ እንዳለው። በድጋሚ ተጨበጨበ፤ ሕዝቡ ምን እንደተሸከመ ገና አልገባውም።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ለይኩን ነው፤ መዳፉ በማጭድ ተልጦ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። "ጌቶቼ፣ የእኔን ስም ጻፉት። እኔ በመዘግየቴ ነው ጋሽ በሽር የገባው።"

"የነዋሪነት መታወቂያ አለህ?"

"የለኝም። ለአጨዳ ነው የመጣሁ።"

"እንግዲያው ሕዝብ አይደለህም። ተቀመጥ።"

ሕዝብን ወክሎ የሚፈርም ሲጠየቅ፣ መታወቂያ ያለው ሁሉ ጫማውን መመልከት ጀመረ። ሐሳብ ማፍለቅ ልማዴ ነውና እኔ ተነሣሁ። "በጉዳዩ ላይ የተሟላ መረጃ ያለው ነዋሪ ቢሆን ይመረጣል።" ሁሉም ወደ በሽር ዞረ።

"ከፈረምኩ እሄዳለሁ?" አለ በሽር።

"ወዲያውኑ።"

"የትራክተሩ ቁልፍስ?"

"ከፊርማው ጋር።"

"ኸላስ፣ በቃ ፈርምላቸው" አለች ሙሚና። "ፈርምና እንውጣ!"

ፈረመ። በዚህም መሠረት በቅጹ ላይ ተበዳይ በሽር፣ ተጠያቂ በሽር ሆኖ፣ ተጠያቂው ተበዳዩን በአምስት ቀን ውስጥ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነ። አፈጻጸሙን የምከታተለው እኔ ሆንኩ። ከተማችን ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኘች፤ ሁለቱ የተቀነሰው ለእንግዶች የቀረበው ውኃ ስላልቀዘቀዘ ነው።

በአምስተኛው ቀን ቅጼን ይዤ በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅ ሄድኩ፤ የቀረውን በእግሬ። ከሩቅ ሲታይ ሰሊጡ እንደ ቆመ ነበር፣ ደስ አለኝ። ስቀርብ ግን ሁሉም አፉን ከፍቶ ባዶውን ነው የቆመው። ፍሬው ስንጥቅጥቁ ጥቁር አፈር ላይ ተዘርቷል፤ ወፍ ወርዶበታል። ለይኩንና ጓደኞቹ ያተረፉት ጥቂት ነዶ አንድ ጥግ ላይ ተደግፎ ይታያል። በሽር ተንበርክኮ አፈሩን በእጅ መጥረጊያ ይጠርጋል፤ ሙሚና በወንፊት ትነፋለች። ከአንድ ወንፊት አፈር እፍኝ የማይሞላ ሰሊጥ ይወጣል። የዓመቱ እንጀራቸው ያ ነበር። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ደግሞ ምን ጎደላችሁ መምህር?" አለች ሙሚና ወንፊቷን ሳታቆም።

"ይቅርታው... መጠየቁን ላጣራ ነበር" አልኩ። "ለሪፖርት።"

በሽር ቀና አላለም። "ጠይቄዋለሁ።"

"እሰየው። ምን አለ?"

"አልምርህም አለኝ።"

ብዕሬን አውጥቼ፣ ቅጹ ላይ "ተበዳዩ ለዕርቅ ፈቃደኛ አልሆነም" ብዬ ሞላሁ።